ጥፍር በምታክል ቺፕ ጉሮሮ ለጉሮሮ

በቀደም ስልኬ ውሃ ገባበትና ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ልጁ ስልኩን ፈታታው። ማጉያ መነጽሩን አድርጎ ቦርዱን ሲያገላብጥ ቆየ። ከዚያ በወረንጦው ጫፍ አንዲት ጥቁር ካሬ ነገር አሳየኝ። ከአውራ ጣት ጥፍር አትበልጥም። «ዋናዋ እሷ ናት» አለኝ። «ስክሪን ቢሰበር እንቀይራለን። ባትሪም እንቀይራለን። እሷ ከሄደች ግን ከሞተ ስልክ ላይ ነቅለን ካልሆነ ከየትም አናመጣትም።»

ስልኬ ደህና ሆነ። ንግግሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ልጁ ስለ እኔ ስልክ የተናገረው አሜሪካና ቻይና ዛሬ ለሚፋጠጡበት ጉዳይም ይሰራል። ሌላው ሁሉ ይተካል። ያቺ ጥቁር ነገር ግን ከጥቂት እጆች ውጪ ከየትም አትመጣም።

ስለ ዓለም ፖለቲካ ሲወራ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ነዳጅ፣ ድንበርና የጦር መርከብ ነው። ቻይና ግን ለተከታታይ ዓመታት ከድፍድፍ ነዳጅ ይልቅ ከውጭ ለምታስገባው ቺፕ ብዙ ገንዘብ ስትከፍል ኖራለች። በሕዝብ ብዛት ከዓለም ቀዳሚዎቹ ተርታ ያለች፣ የዓለምን እቃ የምታመርት አገር ማለት ነው። የሚያስጨንቃት ለምን እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል። ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ብርሃን የሚሰራው ሥራ

ቺፕ ማለት በጣም ብዙ ማብሪያና ማጥፊያ ያለባት ትንሽ ዝርግ ናት። እያንዳንዱ ማብሪያ ትራንዚስተር ይባላል። ኤሌክትሪክ ያሳልፋል ወይም ይዘጋል፤ ሌላ ሥራ የለውም። የምናነሳው ፎቶ፣ የምንሰማው ዘፈን፣ በስልክ የምንልከው ብር፣ ሁሉም የሚሰላው በዚህ «አብራ፣ አጥፋ» ነው።

የመጀመሪያው ትራንዚስተር የተሰራው በ1947 አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ቤል ላብስ በተባለ የምርምር ተቋም። ያኔ በእጅ የሚያዝ እቃ ነበር። በ1971 ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ቺፕ ሠሪ 4004 የምትባለውን ቺፕ ሲያወጣ 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሯት። ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሸጠው፣ ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤች100 ቺፕ ደግሞ 80 ቢሊዮን አለው። ስፋቱ ከፖስታ ቴምብር ብዙም አይበልጥም።

80 ቢሊዮን ነገር ቴምብር ላይ እንዴት ይደረደራል? በእጅ አይሆንም። በማሽን ጣትም አይሆንም። የሚሆነው በብርሃን ነው።

የድሮ ፎቶ ቤት የሚያስታውስ ሰው ይህ አይከብደውም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ብርሃን በኔጋቲቩ አልፎ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ወረቀቱ ብርሃን ሲነካው የሚለወጥ ኬሚካል ተቀብቷል። በፈሳሽ ሲታጠብ ምስሉ ይወጣል። ቺፕም እንዲሁ ነው። የወረቀቱን ቦታ የሚይዘው ከአሸዋ ተጣርቶ ከሚወጣ ሲሊከን የተቆረጠ፣ የሚያብረቀርቅ ክብ ዝርግ ነው። ዋፈር ይሉታል። ከዳር እስከ ዳር 30 ሴንቲሜትር ነው፤ ትንሽ ትሪ በሉት። ዋፈሩ ኬሚካል ይቀባል፣ ንድፉ በብርሃን ይታተምበታል፣ ይታጠባል፣ መወገድ ያለበት ይፋቃል፣ ሌላ ንብርብር ይደረግበታል። ከዚያ እንደገና ይታተማል። ይህ ደግሞ ደጋግሞ ነው። አንድ ዋፈር ፋብሪካ ገብቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ሊፈጅ ይችላል።

ጣጣው ያለው ብርሃኑ ላይ ነው። በወፍራም ብሩሽ ክታብ አይጻፍም። ቀጭን ነገር ለመሳል ቀጭን ጫፍ ያስፈልጋል፤ የብርሃን ጫፍ ደግሞ የሞገዱ ርዝመት ነው። ዋፈር ላይ የሚሳሉት መስመሮች የሚለኩት በናኖሜትር ነው። የአንድ ሰው ፀጉር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ፋብሪካዎች ለዓመታት የሰሩበት ብርሃን 193 ናኖሜትር ነበር። ከዚያ በብዙ እጥፍ የቀጠነ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ማስገባት ግን መሐንዲሶችን ለአሥርተ ዓመታት አድክሟል።

ፌልድሆቨን ያለው ማሽን

ኔዘርላንድስ ውስጥ ፌልድሆቨን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የኤኤስኤምኤል ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው። በ13.5 ናኖሜትር ብርሃን ቺፕ የሚያትመውን ማሽን ሰርቶ የሚሸጥ በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛ የለውም።

አሰራሩን መጀመሪያ ሳነብ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ የቀለጠ ቲን ይንጠባጠባል። ቲን ማለት ጠጋኞች ቦርድ ላይ ሲበይዱ ከሚያቀልጡት ብረት ውስጥ ያለው ነው። ጠብታዎቹ ለዓይን አይታዩም። በሰከንድ 50,000 ይወርዳሉ። እያንዳንዷን ጠብታ አየር ላይ እንዳለች ሌዘር ሁለት ጊዜ ይመታታል። የመጀመሪያው ምት ጠፍጥፎ እንደ ቂጣ ያደርጋታል። ሁለተኛው ያተናታል። በዚያች ቅጽበት ሙቀቱ ከፀሐይ ገጽ 40 እጥፍ ገደማ ይሆንና የሚፈለገው ብርሃን ይወጣል። ይህ ሁሉ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 50,000 ጊዜ ነው።

ይህን ብርሃን አየር ይውጠዋል። ሌንስም ይውጠዋል። ስለዚህ እያነጠሩ በመስታወት ነው የሚመሩት። መስታወቶቹን የሚሰራው ዛይስ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ነው። አንዱ መስታወት በጀርመን አገር ስፋት ቢለጠጥ እንኳ ከሁሉ የሚበልጠው ጉብታ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ አያልፍም። ሌዘሩም የመጣው ከጀርመን ነው፤ ትሩምፕፍ ከተባለ ኩባንያ። ብርሃኑን የሚያመነጨው ክፍል ደግሞ ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ ውስጥ ሳይመር በተባለ ኩባንያ የተሰራ ነው። ኤኤስኤምኤል ሳይመርን የገዛው በ2013 ነው። ማሽኑ ከ100,000 በላይ ክፍሎች አሉት። ዋጋው ከ150 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል፤ የአዲሱ ትውልድ ደግሞ ከ350 ሚሊዮን በላይ ነው።

ሳንዲያጎን ልብ በሉልኝ። አሜሪካ ማሽኑን አትሰራም። ያለ እሷ ክፍል ግን ማሽኑ አይሰራም። በዚህች ቀዳዳ ገብታ «ለማን ይሸጥ?» በሚለው ላይ ድምፅ አገኘች። ከ2019 ጀምሮ የኔዘርላንድስ መንግሥት ይህን ማሽን ወደ ቻይና ለመላክ ፈቃድ አልሰጠም። ቻይና አንድም የላትም።

በአማርኛ ማነቆ የምንለው ይህ ነው። አንድ ነገር የግድ ማለፍ ያለበት ጠባብ ቦታ። ቺፕን ከአሸዋ እስከ ስልክ ብቻውን መስራት የሚችል አገር የለም። በመንገዱ ላይ ግን በርካታ ማነቆዎች አሉ፤ እያንዳንዱን የያዘው ሌላ እጅ ነው። የቴክኖሎጂ ውድድር የሚሉት ነገር እኔ እንደሚገባኝ የሩጫ ያህል የማነቆ ጉዳይም ነው።

ልብስ ሰፊው ደሴት

ማሽኑን መግዛት ቺፕ ለመስራት አይበቃም። ምርጥ የስፌት መኪና የገዛ ሁሉ ልብስ ሰፊ አይሆንም። እዚህ ጋ ነው ታይዋን የምትመጣው።

ሞሪስ ቻንግ የተወለዱት በ1931 በቻይናዋ ኒንግቦ ነው። ልጅነታቸው በጦርነት ከከተማ ከተማ ሲሸሹ አለፈ። አሜሪካ ሄደው ተማሩ። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ውስጥ 25 ዓመት ሰሩ። በ1985 የታይዋን መንግሥት ጠራቸው። ሌላው ሰው ጡረታ በሚያስብበት ዕድሜ፣ በ1987፣ ቲኤስኤምሲን መሠረቱ።

ሐሳባቸው የልብስ ሰፊ ሐሳብ ነበር። ያኔ ቺፕ የሚነድፍ ኩባንያ የራሱ ፋብሪካ ሊኖረው ይገባ ነበር። ፋብሪካ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይበላል። ቻንግ የራሳቸውን ቺፕ ላለመንደፍ ወሰኑ። ደንበኛው ንድፉን ይዞ ይመጣል፣ እነሱ ይሰሩለታል። ሰፊው የራሱን ሱቅ ከፍቶ ከደንበኛው ጋር ካልተሻማ ደንበኛው ያምነዋል። አፕልም፣ ኤንቪዲያም፣ ሌሎችም ያመኑት በዚህ ነው። ዛሬ ከዓለም እጅግ የረቀቁ ቺፖች ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ የሚሰሩት ታይዋን ውስጥ ነው።

የእኔ ስልክ ቴክኖ ነው። ቴክኖ ስልኮች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሚዲያቴክ የተባለ ኩባንያ የነደፈው ቺፕ ነው። ሚዲያቴክም፣ ቲኤስኤምሲም ዋና መሥሪያ ቤታቸው ታይዋን ውስጥ ሲንቹ በምትባል ከተማ ነው። ጠጋኙ በወረንጦ የነካት ነገር አገሯ እዚያ ነው ማለት ነው።

በ2021 ታይዋን በግማሽ ምዕተ ዓመት ያላየችው ድርቅ መታት። የመጣው ውሳኔ ከባድ ነበር። መንግሥት ለብዙ የሩዝ እርሻዎች የመስኖ ውሃ አቋረጠና ለገበሬዎቹ ካሳ ከፈለ። ቺፕ ፋብሪካዎቹ ግን መስራታቸውን ቀጠሉ፤ በቦቴ ውሃ እየተመላለሰላቸው። ዋፈር በየደረጃው ይታጠባል ብያለሁ፤ ከመጠን በላይ የተጣራ ውሃ በብዙ ቶን ይፈልጋል። ገበሬ አገር ለምናውቅ ሰዎች ሩዝ ደርቆ ቺፕ ሲታጠብ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። አንድ አገር ሕልውናዬ በምን ላይ ነው ብላ እንደምታምን ግን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም።

ሕልውና ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1949 በቻይና የእርስ በርስ ጦርነት የተሸነፈው ወገን ወደ ታይዋን ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ቤጂንግ ታይዋንን የራሷ ግዛት አድርጋ ነው የምታያት፤ በኃይል መያዝንም አማራጭ አድርጋ እንደያዘች ነው። በመሃላቸው ያለው ባሕር በጠባቡ ቦታ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ማለት ነው። በኦገስት 2022 የአሜሪካ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ናንሲ ፔሎሲ ታይዋንን ሲጎበኙ ቻይና በደሴቲቱ ዙሪያ ሚሳይል ተኩሳ ሰፊ የጦር ልምምድ አደረገች።

ታይዋኖች ቺፑን «የሲሊከን ጋሻ» ይሉታል። ፋብሪካዎቹ ከቆሙ ዓለም ስለሚቆም ማንም አይነካንም የሚል ስሌት ነው። እውነት አለው። ግን አሜሪካ ጋሻውን ስታይ «ይህ ሁሉ ነገር ለምን በአንድ ደሴት ላይ ሆነ?» ብላ መጨነቋ አልቀረም። በ2022 52.7 ቢሊዮን ዶላር የመደበችበት የቺፕስ ሕግ የወጣው ከዚህ ጭንቀት ነው። ቲኤስኤምሲም በረሃማ በሆነችው የአሜሪካ ግዛት በአሪዞና ፋብሪካ ጀመረ። መጀመሪያ የተባለው 12 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በማርች 2025 ዕቅዱ 165 ቢሊዮን ደረሰ። ጋሻው በከፊል ወደ በረሃ እየተጓዘ ነው። ታይዋን ውስጥ ይህን በስጋት የሚያዩ ሰዎች ሞልተዋል፤ እኔም እፈርድላቸዋለሁ።

ሌሎቹ ቋጠሮዎች

ታይዋንና ኔዘርላንድስ ብቻ አይደሉም። ብርሃን የሚቀበለውን ኬሚካል በዋናነት የሚሰሩት የጃፓን ኩባንያዎች ናቸው። በ2019 ጃፓን ከደቡብ ኮሪያ ጋር ስትኳረፍ ሦስት የቺፕ ግብዓቶች ላይ ቁጥጥር አጠበቀች፤ የኮሪያ ፋብሪካዎች ተደናገጡ። ለሌዘር የሚያስፈልገውን የተጣራ ኒዮን ጋዝ ግማሽ ያህሉን ያቀርቡ የነበሩት ሁለት የዩክሬን ኩባንያዎች ናቸው። አንዱ ማሪዩፖል፣ ሌላው ኦዴሳ። በ2022 የሩሲያ ወረራ ሲጀመር ሁለቱም ቆሙ። ሲሊከን የሚቀልጥበት ማሰሮ የሚሰራበት ንጹሕ ኳርትዝ ደግሞ በብዛት የሚወጣው አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ስፕሩስ ፓይን ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እስራኤልም ድርሻ አላት። የኢንቴል ግዙፍ ፋብሪካ ያለው ኪርያት ጋት ነው፤ ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩባት ከተማ።

አሜሪካ ስትጎትት

ማነቆው ሲሳብ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዜድቲኢን እናውቀዋለን። በ2013 ሁዋዌና ዜድቲኢ የኢትዮ ቴሌኮምን ኔትወርክ ለማስፋፋት በድምሩ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል የፈረሙ ኩባንያዎች ናቸው። በኤፕሪል 2018 አሜሪካ ማንም የአሜሪካ እቃ ለዜድቲኢ እንዳይሸጥ ለሰባት ዓመት አገደች። ምክንያቱ ኩባንያው ለኢራንና ለሰሜን ኮሪያ እቃ በመሸጡ ሲቀጣ የገባውን ስምምነት አፍርሷል የሚል ነበር። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ዜድቲኢ ዋና ዋና ሥራዎቹን ማቆሙን አስታወቀ። በብዙ አስር ሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ያለው ኩባንያ ነው። ጥይት አልተተኮሰም፤ ቺፕ ነው የቀረበት። በጁላይ አንድ ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ከፍሎ፣ 400 ሚሊዮን በመያዣ አስቀምጦ ነፍስ ዘራ።

ቤጂንግ ያን ጊዜ የተማረችውን አልረሳችም።

ሁዋዌ ላይ የመጣው የከፋ ነበር። በሜይ 2019 አሜሪካ ኩባንያውን ጥቁር መዝገብ ውስጥ አስገባችው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ደንቡን አሰፋችው። በአሜሪካ መሣሪያ የተሰራ ቺፕ የትም አገር ይሰራ፣ ያለ ፈቃድ ለሁዋዌ አይሸጥም። ቲኤስኤምሲ በሴፕቴምበር 2020 ለሁዋዌ መስራት አቆመ። ከዓለም ቀዳሚ የነበረው የሁዋዌ ስልክ ገበያ ወደቀ።

ከዚያ ኦክቶበር 7 ቀን 2022 መጣ። ከአንድ ኩባንያ ወደ አገር የተሻገሩበት ቀን ነው። ዋሽንግተን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሆኑ ኃይለኛ ቺፖች፣ እነሱን የሚሰሩ መሣሪያዎች፣ የአሜሪካውያን ባለሙያዎችም እገዛ ጭምር ወደ ቻይና እንዳይሄድ ገደበች። የተሰጠው ምክንያት ወታደራዊ ነው። ሚሳይል የሚመራውም፣ የሳተላይት ፎቶ የሚያነበውም፣ ምስጢር የሚፈታውም ያው አንድ ዓይነት ቺፕ ነው። ይህን ምክንያት ባዶ ማመካኛ ነው ብዬ አልጥለውም። በዚያው ዓመት ዩክሬኖች ከማረኩት የሩሲያ የጦር መሣሪያ ውስጥ ከእቃ ማጠቢያና ከፍሪጅ የተነቀሉ ቺፖች እንዳገኙ የአሜሪካዋ የንግድ ሚኒስትር ጂና ሬይሞንዶ ለሴኔቱ ተናግረው ነበር። እንደ እኔ ጠጋኝ ማለት ነው፤ ከሞተ እቃ ላይ እየነቀሉ።

ግን ነገሩ ንግድም ነው። በ2025 ኤንቪዲያ ለቻይና ብሎ ያዳከመው ኤች20 ቺፕ በኤፕሪል ታገደ። በጁላይ ተፈቀደ። በኦገስት ደግሞ ከሽያጩ 15 በመቶ ለአሜሪካ መንግሥት እንዲገባ ስምምነት ተደረገ። ለአገር ደኅንነት ያሰጋል የተባለ እቃ በኮሚሽን ሲለቀቅ ያየ ሰው ስለ ደኅንነቱ ክርክር መጠየቁ አይቀርም። እኔም እጠይቃለሁ።

ቻይና ስትጎትት

ጠጋኙ ስልኬን ሲፈታ ትንንሾቹ ብሎኖች እየዘለሉ ድምፅ ማጉያው ላይ ይለጠፉ ነበር። እዚያ ውስጥ ማግኔት አለ። ምስር የምታክል ሆና እንዲህ የምትስበው ኒዮዲሚየም የተባለ ማዕድን ስላለባት ነው። የቻይና ማነቆ ይህ ነው።

እነዚህን ማዕድናት ሬር ኧርዝ ይሏቸዋል፤ ብርቅዬ ማዕድናት። 17 ናቸው። ስማቸው ያሳስታል፤ ብዙ ቦታ አሉ። ብርቁ ነገር አንዱን ከአንዱ መለየት ነው። ተቀላቅለው ነው የሚገኙት፤ ባሕርያቸውም ተመሳሳይ ነው። በአሲድ ይሟሟሉ፣ ከዚያ ከገንዳ ወደ ገንዳ በመቶዎች በሚቆጠር ደረጃ ይለያያሉ። የሚተርፈው ዝቃጭ መርዛማ ነው፤ አንዳንዴም ጨረር አለው። አሜሪካ በካሊፎርኒያ ማውንቴን ፓስ በአንድ ወቅት ከዓለም ቀዳሚ የሆነ የማዕድን ሥፍራ ነበራት። የአካባቢ ብክለት ጣጣና የቻይና ርካሽ ዋጋ ሲደራረብባት በ2002 ማውጣት ቆመ። ቻይና ግን ቆሻሻውን ተቀበለችው። ባውቶ ከተማ ዳር ያለው ጥቁር የዝቃጭ ኩሬ የዚያ ዋጋ ነው። ዛሬ ከዓለም ብርቅዬ ማዕድናት ወደ 70 በመቶ የሚሆነው የሚወጣው ቻይና ውስጥ ነው፤ ከማጣራቱ ደግሞ 90 በመቶ ያህሉ የሷ ነው።

በኤፕሪል 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከባድ ቀረጥ ሲጥሉ ቻይና ሰባት ብርቅዬ ማዕድናትና ማግኔቶቻቸው ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ አዘዘች። ፈቃዱ ዘገየ። በሜይ ፎርድ ቺካጎ ውስጥ ያለውን የመኪና መገጣጠሚያ ለአንድ ሳምንት ዘጋ። ብዙ ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት መስመር በትንንሽ ማግኔቶች እጦት ቆመ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በ2024 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም አብዛኞቹ ሞተራቸው ውስጥ ያለው ይኸው ማግኔት ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ኔክስፒሪያ የተባለው ኩባንያ ጉዳይ ተነሳ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ኔዘርላንድስ፣ ባለቤቱ ቻይናዊ ነው። የሚሰራው የረቀቀ ቺፕ አይደለም። የመኪና መብራትና መስኮት የሚያንቀሳቅሱ ተራ ቺፖች ናቸው። የኔዘርላንድስ መንግሥት ቴክኖሎጂው ሊወጣ ይችላል ብሎ ኩባንያውን በቁጥጥሩ ሥር አዋለ። ቻይና ደግሞ በራሷ ምድር የሚጠናቀቁት የኩባንያው ቺፖች እንዳይወጡ ዘጋች። በቀናት ውስጥ የአውሮፓ መኪና ሠሪዎች ጩኸት ተሰማ። ማነቆ ለመሆን የግድ መራቀቅ እንደማያስፈልግ ያየነው ያኔ ነው።

የተያዘው ሰው

እኔ ከዚህ ሁሉ የሚታየኝ አንድ ነገር ነው። ማነቆ ሲሳብ ይሰራል። ከዚያ ግን የተያዘው ሰው ሌላ መተንፈሻ መፈለግ ይጀምራል፤ ፍለጋውን ደግሞ አያቆምም።

በ2010 ቻይናና ጃፓን በአንድ የዓሣ ጀልባ ሰበብ ሲጣሉ ወደ ጃፓን ይሄድ የነበረው ብርቅዬ ማዕድን ተቋረጠ። ጃፓን ዝም አላለችም። ላይናስ ለተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ገንዘብ ሰጥታ ከቻይና ውጪ ሌላ ምንጭ አቆመች። በኦገስት 2023 ሬይሞንዶ ቻይናን እየጎበኙ ሳለ ሁዋዌ ሜት 60 ፕሮ የተባለ ስልክ አወጣ። ተፈትቶ ሲታይ ቺፑ በቻይናው ኤስኤምአይሲ የተሰራ፣ ባለ 7 ናኖሜትር የሚባለው የረቀቀ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። በአሮጌው የ193 ናኖሜትር ብርሃን አንዱን ንብርብር ደጋግሞ በማተም ነው ያገኙት። ውድ ነው፣ ብልሽቱም ይበዛል። ግን ሆነ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ዲፕሲክ የተባለ የሃንግዡ ኩባንያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱን አወጣ። ለቻይና ተብለው በተዳከሙ ቺፖች ተጠቅሞ መስራቱን ሲናገር የኤንቪዲያ የገበያ ዋጋ በአንድ ቀን በ600 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ቀነሰ።

ይህ ማለት ቻይና ደረሰች ማለት አይደለም። ያ የፌልድሆቨን ማሽን ዛሬም የላትም፤ ያለ እሱ ወደ ፊት መሄድ በጣም ይከብዳታል። አሜሪካም በጥቂት ዓመት ውስጥ የማግኔት ሰንሰለት ከዜሮ አትገነባም። ሁለቱም እየታነቁ ጊዜ እየገዙ ነው።

እኛስ? ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ የሚባል ቦታ አለ። ታንታለም የተባለ ማዕድን ይገኝበታል። ታንታለም ስልክ ቦርድ ላይ ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚለቁ ጥቃቅን ክፍሎች ይሰሩበታል። ለዓመታት ከዚያ የወጣው ታጥቦና ተለይቶ ወደ ውጭ ተልኳል። የማጣራቱ፣ የመስራቱና ትርፉ የሚያመዝንበት ሥራ ሌላ ቦታ ነው። ባውቶ የማውጫ ቦታ ብቻ ብትሆን ኖሮ ዛሬ ማንንም አታስጨንቅም ነበር። ያስጨነቀችው ማጣራቱን ስለያዘች ነው። አገራችን ስለ ማዕድን ስታስብ ኩሬውንም፣ ኃይሉንም አብራ ብታይ እመኛለሁ።

ኦክቶበር 9 ቀን 2025 ቻይና ደንቡን አሰፋችው። ከዚያ በኋላ ከሷ የተገኘ ብርቅዬ ማዕድን ትንሽ እንኳ ያለበት እቃ ሌላ አገር ቢሰራም ፈቃድ ሊጠይቅ ሆነ። አሜሪካ ሁዋዌ ላይ ያወጣችው ደንብ ቃል በቃል ሊባል በሚችል መልኩ ወደ ራሷ ተመለሰ። ኦክቶበር 30 ትራምፕና ሺ ጂንፒንግ ደቡብ ኮሪያ፣ ቡሳን ውስጥ ተገናኙ። ቻይና አዲሱን ደንብ ሥራ ላይ ማዋሉን ለአንድ ዓመት አዘገየችው፤ እስከ ኖቬምበር 10 ቀን 2026። የኤፕሪሉ ግን አልተነሳም። ሰባቱ ማዕድናት አሁንም በፈቃድ ነው የሚወጡት። ፌልድሆቨን ያለው ማሽንም አሁንም ወደ ቻይና አይሄድም።